ኩንታል የማትጭነው መኪና

ባለፈው ሚያዝያ የመኪናዬን ኮፈን ከፍቼ፣ ካንዴላዎቿን ነቅዬ በጨርቅ እየጠራረግሁ ሳለሁ የበልግ ዝናብ ድንገት ጣል ጣል ብሎ የግቢዬን አቧራ ነካውና፣ የእርጥብ አፈርና የቤንዚን ሽታ አንድ ላይ ተነስቶ አፍንጫዬን ሞላው። እጄ የያዘውን እንደያዘ ቀረ። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው የእናቴ ትልቁ ሰፌድ ነው፤ በላዩ ላይ ቡሎንና ዳዶ እንደ ምስር ተለቅሞ፣ ትንሹ ከትንሹ፣ ትልቁ ከትልቁ ጋር ተደርድሮ፣ እኔም ከግራሩ ጥላ ስር እግሬን አጥፌ ተቀምጬ።

ቤታችን ከቆቦ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወዲያ፣ ከአሸዋማው ወንዝ ማዶ ነበር። ወንዝ እንበለው እንጂ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነበር፤ ግመልና አህያ የሚሄድበት፣ ልጆች የሚንከባለሉበት። ደጋው ላይ ሲዘንብ ብቻ ከየት መጣ ሳይባል ቡናማ ጎርፍ ሞልቶ ይመጣና፣ የሰፈሩ ሰው አካፋና ግንድ ይዞ ወጥቶ፣ ውኃውን ጠልፎ ወደየማሳው ይመራው ነበር። አባቴ ምስጋናው ቆቦ ከተማ ውስጥ የመስኖ ፓምፕ ይጠግን ነበር፤ ጠዋት ወንዙን ተሻግሮ ይሄዳል፣ ማታ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ይመለሳል። ማሽላውንና ሽንኩርቱን የምትይዘው እናቴ ዝናሽ ነበረች።

እኔ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበርሁ፤ ሥራዬም ወፍ መጠበቅ ነበር። ማሽላው እሸት መያዝ ሲጀምር ግሪሳ እንደ ጭስ ተንከባልሎ ይወርድብናል፣ በጠዋትና ከአሥር ሰዓት በኋላ ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍና በጩኸት ካላባረርሁት አገዳውን ብቻ ትቶልን ይሄዳል። የሚወርድበት ወር ደግሞ መስከረም ነበር፤ ልጆች ለትምህርት የሚመዘገቡበት ያው መስከረም። ትምህርት ቤቱ ቆቦ ስለሆነ፣ በእግር ደርሶ መልስ የሄደች ልጅ አንዱ ወፍ ያመልጣታል፤ ወይ የጠዋቱ፣ ወይ የማታው። እናቴ ክፉ ሆና አልነበረም፤ የምንበላው ያ ማሽላ ነበር። «ለከርሞ» ትለኝ ነበር ጸጉሬን እየሠራች፣ ከርሞም ይመጣና እንደገና «ለከርሞ» ይሆናል። እኩዮቼ ደብተራቸውን በፌስታል ይዘው በወንዙ ዳር ሲያልፉ እኔ ከማማው ላይ አያቸው ነበር። ከላይ ሆኖ ሰው ሲያልፍ ማየት እንዴት ያለ ዝቅታ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አንድ ታኅሣሥ፣ ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ተከምሮ ሳለ፣ ሳጥኖቹ መጡ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ጌታቸው ጅቡቲ ለአንድ ፈረንጅ ሹፌር ሆኖ ይሠራ ነበር። ሰውየው በትርፍ ጊዜው በሳጥን ተፈታትታ የምትመጣ ትንሽ የስፖርት መኪና በእጁ ለመገጣጠም ገዝቶ፣ ሳይጀምራት ሥራው አልቆ አገሩ ሲገባ፣ «ይቺ ላንተ ትሁን» ብሎት ሄዷል። አጎቴም በጅቡቲ መስመር በሚመላለስ ከባድ መኪና አስጭኖ ላከልን። ሹፌሩ አስፋልቱ ዳር አራግፎ፣ «ወንድምህ ብረቱን እንዳትሸጠው ብሎሃል፤ መኪና ነው» ብሎ ሄደ። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን በግመሎቹ ያመጣልን ጎረቤታችን አያ እንድሪስ ነበር። የፊተኛው ግመል ሻሲውን በጎኑ አንጠልጥሎ፣ የኋለኛው ቀዩን የፋይበር አካል እንደ ውኃ ሮቶ ተሸክሞ፣ አሸዋውን ሲሻገሩ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከኋላ ተከትሎ ነበር።

ዕቃው ግራሩ ስር ሲራገፍ የተሰበሰበው ሰው የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር።

«ስንት ኩንታል ይጭናል?»

አባቴ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አስተውሎ አየና፣ «ሁለት ሰው» አለ።

«ከነጆንያቸው?»

«ያለ ጆንያ።»

«ወላሂ፣ እቺማ መኪና አይደለችም፣ አልጋ ናት!» አለ አያ እንድሪስ፣ ሰውም እስኪበቃው ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ያንን ሁሉ ብረት በዓይኗ እየዞረች ካየች በኋላ፣ «ምስጋናው፣ እኔ ልጆቼን ብረት አላበላም» አለችው።

አባቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት እኔን አየኝ። ለምን እንዳየኝ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

«ይቺ መኪና ከሄደች ፈንታዬ ትምህርት ቤት ትገባለች» አላት። «ጠዋት ወፏን አባርራ አብራኝ ትሄዳለች፣ ለምሳ ስመጣ ይዣት እመጣለሁ። የአሥር ሰዓቱ ወፍ ሲወርድ ማማዋ ላይ ናት።»

«ካልሄደችስ?»

«የመስከረም ምዝገባ ሳያልፍ ካልሄደች ቆራሌውን ጥሪው፤ ዝም ብዬ አስጭናታለሁ።»

«አያ እንድሪስ፣ ሰምተሃል» አለች እናቴ። «ሰምቻለሁ» አለ እሱም፣ ሳቁን ትቶ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ መኪና ለኔ የአባቴ መኪና መሆኗ ቀረ። ጥርና የካቲት ሌላው ሰው ሠርግ ለሠርግ ሲዞር አባቴ ከሥራ መልስና በየእሑዱ ከግራሩ ስር አይጠፋም ነበር። ቡሎኑ ሁሉ በአንድ ከረጢት ተቀላቅሎ፣ ከባሕር ጨው ይሁን ከመንገድ አቧራ ዝጎ ነበርና፣ በናፍጣ ማጠቡንና መለየቱን እኔ ያዝሁ። መለያ ስላልነበረኝ የእናቴን ሰፌድ ወሰድሁ። ምስር እንደሚለቀም አድርጌ፣ እየነፋሁና እያገላበጥሁ ክሩ የተበላውን ለብቻ፣ ደህናውን ለብቻ አስቀምጥ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ በመጣው ሥዕል ላይ እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ነበረውና፣ አባቴ አንዴ ቁጥሮቹን ካሳየኝ በኋላ «ሠላሳ ስድስትን አምጪ» ሲለኝ ሠላሳ ስድስትን አመጣ ነበር። ሳልሳሳት ካመጣሁለት ምንም አይለኝም፤ ዝምታው ነበር ምስጋናው። እናቴ ሰፌዷን ናፍጣ ጠጥቶ ባገኘችው ጊዜ ግን ዝም አላለችም። «እንግዲህ ማሽላውንም በናፍጣ እንንፋዋ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ በማግሥቱ ለራሷ ሌላ ሰፌድ መስፋት ጀመረች፣ የቆሸሸውንም አልነጠቀችኝም።

በልግ ሲገባ፣ እንደ ባለፈው ሚያዝያው ባለ ዝናብ ጠብ ጠብ በሚል ከሰዓት በኋላ፣ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ። መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ አሳለ፣ ከዚያ ጠፋ፣ አባቴ አንዱን ካንዴላ ነቅሎ እፍ ብሎበት መልሶ ሲያስነሳው ዶሮዎቹ ከጉሮኗቸው በረው ወጡ። እናቴ ከሽንኩርቱ መሐል ቀና ብላ እጇን ከግንባሯ ላይ አድርጋ አየችና ተመልሳ ጎንበስ አለች። እኔ ግን ትከሻዋን አይቼዋለሁ፤ እየሳቀች ነበር።

አባቴ በውስጥ መንገድ፣ በአሸዋው አድርጎ እየነዳ ቆቦ መመላለስ ጀመረ። ጣራ የላት፣ መስኮት የላት፣ ከመሬት የአንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ስለነበረች፣ አህያ ላይ የተቀመጠ ሰው ቁልቁል አይቶ ሰላም ይለው ነበር። ነገር የመጣው በገበያ ቀን ነው። አባቴ መኪናዋን ከሚሠራበት ጋራዥ ደጅ አቁሞ ፓምፕ እያስነሳ ሳለ የከተማው ጎረምሶች ተጠራርተው፣ መኪናዋን ብድግ አድርገው፣ ከፊት ለፊቱ ያለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ወንበር መሐል አስቀመጧት። አባቴ ሲወጣ አንዱ እጁን አጣምሮ ይጠብቀው ነበር አሉ።

«አያ ምስጋናው፣ መኪናህ ሻይ አዝዛለች። ስኳሩ ቀነስ ይበል ብላለች።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አባቴ የዚያን ማታ ወደ ቤት ሲመጣ ራት አልበላም። የሚያውቀው መኪና ሁሉ ሰው ቢገፋው የማይነቃነቅ፣ ጭነቱ ሲበዛበት የሚከበር ነበር፤ የሱ ግን ሰው እንደ በርጩማ አንስቶ ያስቀመጠው ሆነ። በሳምንቱ የብረት አንግል ገዝቶ መጣ። ከፊት ወፍራም መከላከያ፣ ከኋላ እንደ አውቶቡስ ዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ፣ ከጎንና ከጎን ለጆንያ መደገፊያ የሚሆን ብረት በየዳው። ሲጨርስ በእግሩ ረገጥ ረገጥ አድርጎ፣ «አሁን ክብደት አላት» አለ። ሰውም መጥቶ እየነካ «አሁን ገና መኪና መሰለች» እያለ መረቀው። እናቴ ራሷ ደስ ብሏት ነበር፤ ሽንኩርቷን በሷ አስጭና ወደ ጎብዬ ገበያ ልትልክ አሰበች። ደስ ያላለኝ እኔ ብቻ ነበርሁ መሰለኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን ልናገረው አልችልም ነበር።

ግንቦት ላይ፣ ምድሩ እንደ ምድጃ በጋለበት ቀን፣ የመጀመሪያው ሽንኩርት ተጫነ። አባቴ ወንዙ መሐል እንደደረሰ የኋላ ጎማዎቿ አሸዋ ውስጥ ተቀበሩ። ነዳጅ ሲሰጣት የባሰ ሰመጠች፣ ሞተሩ ጋለ፣ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ወጣ፣ ከዚያ ከበስተኋላ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ክብደቱን የሚሸከመው አንደኛው የብረት ሞላ ተሰብሮ ነበር። አያ እንድሪስ ግመሎቹን አምጥቶ በገመድ ጎትቶ አወጣት። የዚያን ቀን ማንም አልቀለደም፤ ይህም ከሻይ ቤቱ ሳቅ ይልቅ አባቴን ጎዳው።

ክረምቱ ገባ። መኪናዋ ከግቢያችን ዳስ ስር ቆማ፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ እንቁላል ትጥልባት ጀመር። አባቴ በአጠገቧ ሲያልፍ ፊቱን አዙሮ ያልፍ ነበር። ማሽላው ከጉልበቴ አልፎ፣ ከወገቤ አልፎ፣ ከራሴ በላይ ሲሆን እኔ ማሽላው ባደገ ቁጥር ልቤ ይወርድ ነበር፤ ማሽላው ሲያብብ መስከረም እንደደረሰ ስለማውቅ። እናቴ ስለ ቆራሌው አላነሳችም። አለማንሳቷ ደግሞ እንዳልረሳችው ይነግረኝ ነበር።

አንድ እሑድ ዝናቡ ሲያባራ ሰፌዴን አውጥቼ፣ መኪናዋ ላይ ካሉት ቡሎኖች የላሉትን በመፍቻ እያጠበቅሁ፣ በሥዕሉ ቁጥር አንድ በአንድ ዞርኋት። ለማንም ብዬ አልነበረም፤ ያልተቆጠረ ነገር ሲቀር እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ሁሉ መኪናዋ ላይ አለ። መኪናዋ ላይ ያለው ሁሉ ግን ሥዕሉ ላይ የለም። ያን ጊዜ፣ ብረቱ ሲበየድ ሳልናገረው የቀረሁት ነገር አፌ ላይ መጣልኝ። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ሄጄ ፊቱ ቆምሁ።

«አባዬ፣ የሷ የሆነ ሁሉ ሰፌዴ ላይ አልፏል» አልሁት። «ይሄ አንግል ግን አላለፈም።»

«ጥንካሬ እንዲሆናት ነው እኮ።»

«እሷ ግን ኩንታል አልጫንም ብላ ነበር የመጣችው። ሁለት ሰው ነው ያለችው።»

አባቴ ቀና ብሎ የበየደውን ብረት አየ። ከዚያ እንደ መናደድም እንደ መሳቅም አድርጎት፣ «የማን ናት ይቺ!» አለ፣ ለራሱ። በማግሥቱ መጋዙን አምጥቶ የበየደውን ሁሉ መቁረጥ ጀመረ። መቁረጡ ከመበየዱ ይብስ ነበር፤ ብረቱ ሲጮህ ጥርሳችንን ያፋጨው ነበር። የተቆረጠውን ብረት ጎብዬ ላለ ብረት ሠሪ ሰጥቶ በልዋጩ የተሰበረውን ሞላ አስቀጠለ። እኔም ዶሮዋን አስነስቼ ወንበሩን አጠብሁ። ጳጉሜን ላይ ሞተሩ ሲነሳ በበልጉ የሰማነው ድምፅ ተመልሶ መጣ፣ እንዲያውም የጠራ።

የምዝገባው መጨረሻ ቀን ሲነጋ ማማዬ ላይ ነበርሁ። እናቴ ያዘጋጀችልኝን ቀሚስ ለብሼ፣ ወንጭፌን ይዤ፣ ግሪሳውን እያባረርሁ በአንድ ዓይኔ ወንዙን አይ ነበር። ደጋው ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አድሯል። ጎርፉ ሞልቶ መጥቶ፣ ጉልበት እስኪደርስ ጎድሎ፣ ታቹ ግን ጭቃ ሆኖ ተንጣሎ ነበር። የሰመጠች መኪና የሚጠብቃትን ግንቦት ላይ አይተነዋል። አባቴ መኪናዋን እስከ ዳሩ ነድቶ አመጣትና ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። ከማማው ወርጄ ወደሱ ሄድሁ። «በእግራችን እንሂድ» ልለው ፈልጌ ነበር፤ ግን ውሉ እንደዚያ አልነበረም፣ እሱም እኔም እናውቀዋለን። ለዛሬ በእግር ብንሄድ ነገስ?

የሰፈሩ ወንዶች ጎርፉን ለመጥለፍ አካፋቸውንና ግንዳቸውን ይዘው ወንዙ ዳር ነበሩ። አያ እንድሪስ ጭቃውን ከእግሩ እያራገፈ መጥቶ መኪናዋን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት።

«ምስጋናው፣ ያ ሁሉ ብረትህ የት ሄደ?»

«ቆርጬ ጣልሁት።»

«እሰይ!» አለ አያ እንድሪስ፣ ዞሮም ለሰዎቹ ጮኸ። «ያ ጀመዓ! የከተማ ልጅ ይቺን አንስቶ ሻይ ቤት አስቀመጠ ሲባል ሰምተናል። እኛስ ከነሱ እናንሳለን?»

ሳቅ ተነሳ፤ ይሄኛው ሳቅ ግን ሌላ ነበር። ውኃ ሊጠልፉበት ያመጡትን ግንድ በመኪናዋ ስር ሰደው፣ ከግራና ከቀኝ ተደረደሩ። አባቴ ሲወርድ እኔ የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥቼ ነበርና፣ ሊያወርደኝ እጁን ሲዘረጋ አንዱ ጎልማሳ፣ «ተዋት ትቀመጥ! ሙሽራ በእግሯ ስትሻገር የት አይተሃል?» አለው። ከዚያ የጎርፍ ሥራ ላይ የሚያወጡትን ዜማ አንዱ አወጣ፣ ሌሎቹ ተቀበሉ፣ መኪናዋም ከመሬት ተነሳች።

እኔ መሪውን ጨብጬ ነበር፣ የሚዞርበት ነገር ሳይኖር። ውኃው ከስሬ ቡናማ ሆኖ ይሄዳል፣ ጭቃው ከሰዎቹ እግር ስር ቡጭ ቡጭ ይላል፣ ከጎኔ ያለው የአያ እንድሪስ አንገት ደም ሥሩ ተወጥሮ ይታየኛል፣ እሱ ግን እየሳቀ ነበር። መሐል ላይ ስንደርስ ወደኋላ ዞሬ አየሁ። ማማዬ ላይ ሰው ነበር። እናቴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ወንጭፉን ከራሷ በላይ ታዞር ነበር።

ማዶ ሲያስቀምጡን አባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ። ቆቦ ስንደርስ መዝጋቢው መምህር ዕድሜዬን ሲሰማ መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ «እስካሁን የት ነበርሽ?» አለኝ። «ማማ ላይ» አልሁት። ምን እንዳለ አላስታውስም፤ ስሜን ሲጽፍ የብዕሩን ጫፍ ብቻ ነበር የማየው።

ተመልሰን ስንመጣ ውኃው ከቁርጭምጭሚት በታች ጎድሎ፣ አሸዋው ከጭቃው ስር ጠንክሮ ነበርና፣ ቀላሏ መኪናችን በራሷ ተሻገረች። አሥር ሰዓት ሳይሆን ማማዬ ስር ደረስሁ። እናቴ ከላይ ሆና ላቧን እየጠረገች፣ «ወፉ ዛሬ እኔን ፈርቶኛል» አለችኝ። ወንጭፉን አቀበለችኝና፣ ወርዳ ጥቂት ከሄደች በኋላ ሳትዞር፣ «ነገም ሂጂ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ብዙ መስከረም አለፈ። ከእኩዮቼ ዘግይቼ ገብቼ፣ ከሁሉም ዘግይቼ ጨርሼ፣ አሁን ከተማው ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ፤ መጽሐፍ ያለቦታው ገብቶ ሳገኝ አሁንም እንቅልፍ አይወስደኝም። አባቴ ዓይኑ ሲደክም የመኪናዋን ቁልፍ ሰጠኝ። በክፉው ጊዜ፣ እንዳትዘረፍብን ከእናቴ ጋር ፈታትተን፣ በየጎረቤቱ ጎተራና ዳስ አኑረናት፣ ጊዜው ሲያልፍ አንድ ቡሎን ሳይጎድል ሁሉም ያኖረውን ይዞ መጥቶ እንደገና ገጣጥመናታል። ቀለሟ ደብዝዟል፣ ዘይቷን በየጊዜው እቀይራለሁ፣ የተቀጠለውን ሞላ እስከዛሬ አልቀየርሁትም። ቡሎኑን የማጥበው በዚያው ሰፌድ ላይ ነው፤ ዳርና ዳሩ ቢተረተርም እናቴ አስጥላኝ አታውቅም።

ወንዙ አሁን ድልድይ አለው። ያኔ ሰፈር ሙሉ ሰው ተሰብስቦ፣ በዜማ፣ በጭቃ ያሻገረኝን መንገድ አሁን ብቻዬን በአንድ ትንፋሽ አልፈዋለሁ። ቀለለልኝ ብዬ ደስ ይለኛል፤ ድልድዩ መሐል ስደርስ ግን እግሬን ከነዳጁ ላይ ትንሽ አነሳለሁ። ግሪሳው አሁንም በመስከረም ይወርዳል። ስለዚህ በምዝገባ ሰሞን ከሥራ በፊት ወደ ማዶ እሻገርና፣ የጠዋት ወፏን አባርራ የምትወርድ ልጅ ካለች ከማማዋ ስር እጠብቃታለሁ።

ዘንድሮ ያገኘኋት የአያ እንድሪስ የልጅ ልጅ ነበረች። ወንጭፏን ለእናቷ ሰጥታ፣ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ በፍርሃት ቁጭ አለችና፣ መኪናዋን ከፊት እስከኋላ በዓይኗ ለካቻት።

«እትዬ ፈንታዬ፣ ይቺ ስንት ኩንታል ትጭናለች?»

«አንቺንና እኔን» አልኋት፣ ሞተሩንም አስነሳሁ።